ዐይነ ስውሩን ደቀ መዝሙር ስለሚያስተምር መምህር የተነገረ ቃል



አባ ሰላማን ለኢትዮጵያ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት ዐይነ ስውሩን ዲዲሞስን ለእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር አደረገው፤ ዲዲሞስም የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ ይባላል።

በኢትዮጵያም ዜማና ቅኔ በቃል ይነገራልና ዐይነ ስውሩ ከጓደኞቹ እኩል ይቀጽላል፤ ለመምህርነት የበቁም ብዙዎች ናቸው። ወደ አስኳላ በገባ ጊዜ ግን መምህሩ ዝም ብሎ በሰሌዳ ይጽፍና «ይህን ከዚያ ቀንሱ» ይላል፤ ልጁም «ይህ» የተባለው ምን እንደ ኾነ ሳያውቅ ይቀራል። ጕድለቱ የመምህሩ ነው፤ ነገር ግን እርሱንም ያስተማረው የለምና አይፈረድበትም።

ስለዚህ መምህሩ እንደ ገና ደቀ መዝሙር ኾኖ፥ ሉዊ ብሬል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. ያሳተመውን፥ ኋላም ለአማርኛ የተስማማውን ባለ 6 ነጥብ ፊደል ያጥና፤ በሰሌዳ የሚጽፈውንም በቃሉ ያሰማ። ፊደሉን ለመልመድ አንድ ክረምት አይበዛም።