ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት አያያዝና ጥገና



ዛሬ የምናገረው፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ተዘረጉ ሁለት ጣቶች በ«ቪ» ቅርጽ ስለ ቆሙለት፣ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ለረጅም መንገድ ስለ ተሠራው ከባድ ሞተር ብስክሌት ነው። የአሜሪካው ሀርሊ ዴቪድሰን ይህን ዓይነት ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከጃፓን ፋብሪካዎችም ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1981 ቪራጎ የተባለውን አወጣ። ከነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ዋጋቸው ከአዲሱ የቀነሰ ስለ ሆነ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ዐይኑን ቢጥልባቸው አያስደንቅም። ነገር ግን በርካሽ የተገዛው ሞተር በጋራዥ ደጃፍ ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ዕድሜውን ይወቅሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሮጌ ሞተርን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ሳይመረምሩ መጠገን፣ ሁለተኛው መጠገን የሚገባውን ማቆየት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በመጀመሪያ የጤናውን ድምፅ ከሕመሙ ድምፅ መለየት ያስፈልጋል። በሀርሊ ሞተር ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተለያይተው ሲቆሙ፣ የሁለቱም ፒስተኖች ክንዶች ከዘንጉ ጋር የሚያያዙት በአንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ እሳቱ በእኩል ጊዜ አይነሣም። በአንዱና በሌላው እሳት መካከል ዘንጉ አንድ ጊዜ 315 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 405 ዲግሪ ይዞራል። ያ እንደ መንከስ የሚያደርገው ድምፅ እንግዲህ የተፈጥሮ ጠባዩ እንጂ በሽታው አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው መንቀጥቀጥ ቡሎንን ያላላልና፣ በየጊዜው የሞተሩን መያዣዎች፣ የማርሚታውንና የፍሬኑን ቡሎኖች በመፍቻ መፈተሽ ይገባል።

ከላይ በኩል የሚሰማ የማያቋርጥ መንኳኳት ግን ምርመራ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ኢቮሉሽን በተባለው የሀርሊ ሞተር ውስጥ የቫልቮቹን ክፍተት የዘይት ግፊት ራሱ ያስተካክለዋል። በቪራጎ ግን ክፍተቱ የሚስተካከለው በሰው እጅ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ፣ በስስ የብረት መለኪያ ነው። ልኩ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይርቅ ስለ ሆነ፣ የሞተሩን መጽሐፍ ሳይመለከቱ በግምት መንካት ጥፋት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ የዚህ ሞተር ሁለት ሲሊንደር መሆን ለመርማሪ ታላቅ ጥቅም አለው። ሁለት ሲሊንደር ማለት ሁለት ምስክር ማለት ነውና፣ የአንዱን ቃል በሌላው ማመሳከር ይቻላል። ሞተሩ ኀይሉ ከቀነሰና ከተንገዳገደ፣ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ ጭሱ በሚወጣባቸው በሁለቱ ቧንቧዎች ላይ፣ ከሲሊንደሩ አጠገብ፣ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ ማንጠባጠብ ነው። ውሃው የሚንጫጫበት ሲሊንደር ይሠራል፤ ውሃው ረግቶ የሚቀርበት አልተቃጠለም። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የፊተኛውን ካንዴላ ከኋለኛው ጋር ማለዋወጥ ነው። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ባለበት ከቀረ ግን ገመዱን፣ ቀጥሎ ቤንዚኑን፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩን ግፊት መመርመር ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ትቶ ሞተሩን ለመበተን የሚጣደፍ ሰው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

ካንዴላው በቀለሙም ይመሰክራል። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ጥቁር ሆኖ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ጥፋቱን በዚያው በኩል መፈለግ ይገባል።

በዚህ ረገድ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ፣ ለሚያገኘው አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሁለቱ ካንዴላዎች ቢጠቁሩ፣ የአየር ማጣሪያውም ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ የቤንዚኑን ማስተላለፊያ በጠበበ ቀዳዳ ማስለወጥ እንጂ ካንዴላ በየወሩ መግዛት መድኀኒት አይሆንም።

የቆመ ሞተር ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ተንኖ የሚተወው ሙጫ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚያቆመው ሰው ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቤንዚን ማፍሰስ ይኖርበታል። ባትሪውም እንዲሁ ነው። ሙሉ ባትሪ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት ገደማ ካልደረሰ፣ የጎደለው በባትሪው ሳይሆን በሚሞላው መሣሪያ ሊሆን ይችላልና አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ይለካ።

ስለ ዘይትም ሁለት ቃል ልናገር። በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ፍሪሲዮኑ የሚታጠበው በሞተሩ ዘይት ነው። ለመኪና ተብሎ የተቀመመ አንዳንድ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋልና፣ በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበትን መምረጥ ይበጃል። በአሮጌ ሀርሊ ደግሞ ዘይቱ የሚቀመጠው በተለየ ጋን ውስጥ ሲሆን፣ ሞተሩ ለብዙ ጊዜ ሲቆም ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጋኑ ጎደለ ብሎ ይሞላዋል፤ ሞተሩ ሲነሣም የተረፈው ዘይት በየቀዳዳው ይፈሳል። ስለዚህ መለካት የሚገባው ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ገንዘብን የሚያድን ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሕይወትን የሚያድን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ቢያዝም አይቆምም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ዓይነቱም በክዳኑ ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን እንጂ፣ ዶት 4 ከዶት 5 ጋር አይደባለቅ።

ጎማም እንዲሁ ሊያታልል ይችላል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው አልፎ ሊደርቅ ይችላል። ከጎኑ ላይ በአራት አኀዝ የተጻፈውን ተመልከቱ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ግን ቁጥር ሳይቆጠር መጣል ይገባዋል። ክሮሙ ሳይወለወል፣ ቀለሙም ሳይታደስ ለሚመጣው ዓመት ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም። ፍሬንና ጎማ ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ገንዘብ ያነሰው ሰው ማሳመሩን አቆይቶ እነዚህን ያስቀድም።

በመጨረሻም፣ አድማጮቼ ብዙዎቻችሁ የመዝገብን ጥቅም በሥራችሁ የምታውቁ ናችሁ። ለሞተራችሁም አንድ ደብተር ክፈቱለት። ቀኑን፣ የተጓዘውን ኪሎሜትር፣ የተለወጠውን ዕቃና የወጣውን ገንዘብ ጻፉበት። ሞተሩ በታመመ ጊዜ ለመካኒኩ የምታቀርቡት ማስረጃ እርሱ ነው፤ ጥገናው ከዋጋው በልጦ መተው የሚገባው ጊዜ ሲደርስም፣ ከስሜት ይልቅ የሚታመነው ፍርድ ከዚያው ደብተር ይገኛል።