ከደጅ እስከ ጓዳ፦ ስለ ቤት ራውተር መቀየርና ዋይፋይ ስለ ማዳረስ ለወገዳ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምንነጋገረው ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ከቁም ሳጥኑ አናት ተወሽቃ ስለምትውል አንዲት ትንሽ ሳጥን፣ ስለ ራውተር ነው። ዕቃዋ ትንሽ ናት፤ የተሸከመችው ጉዳይ ግን ትንሽ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል እየተለመደ መጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ኢንተርኔት ለሌለው ልጅ የተዘጋ በር ነው። ሳሎን ላይ ደኅና ሆኖ ልጅ የሚያጠናበት ክፍል ሲደርስ የሚሞት ኢንተርኔት ካለን፣ ገንዘባችንን የከፈልነው ለግማሽ ቤት ነው።

የምላችሁ ነገር አንድ ነው። መስመሩን እስከ ደጃችን ማድረስ የአቅራቢው ኃላፊነት ነው፤ ከደጅ እስከ ጓዳ ያለው ግን የእኛ ነው። የእኛን ድርሻ ሳናስተካክል የከፍተኛ ፍጥነት ጥቅል ብንገዛ፣ የገዛነው ፍጥነት ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከእኛ አቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳለም አልዘነጋሁም። ዋናው መስመር ሲበጠስ፣ ወይም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የትኛውም ራውተር አያድነንም። መስመሩ በሚሠራበት ቀን ግን መላው ቤተሰብ ሊጠቀምበት ይገባል።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ እንለይ። ላፕቶፕ ያለው ሰው በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኘውና ፍጥነቱን ይለካ። ከዚያ ኬብሉን ነቅሎ በዋይፋይ እዚያው ይለካ፤ ቀጥሎ በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይድገመው። ላፕቶፕ የሌለው በስልኩ ከራውተሩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይጀምር። ልኬቱ በተቀራራቢ ሰዓት ይሁን፤ ውጤቱም በወረቀት ይጻፍ። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ነገሩ የመስመር ነውና ወረቀቱን ይዞ ወደ አቅራቢው መሄድ ነው። በኬብል ፈጥኖ ጓዳ ሲገባ ከወደቀ ግን ችግሩ ያለው ከቤታችን ውስጥ ነው። ይህን ሳይለዩ አዲስ ራውተር መግዛት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መዋጥ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ መስፈርት የጸደቀው ኢንተርኔት ወደ አገራችን በገባበት በዚያው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ የያኔው ፍጥነት በሰከንድ ከ2 ሜጋ ቢት አያልፍም ነበር። ዛሬ በየቤታችን ያሉት ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት ሞገድ ይሠራሉ። አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ሲሆን ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዝግ ይላል፤ ግድግዳ ግን የተሻለ ያልፋል። ሁለተኛው ይፈጥናል፤ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ራውተሩ ካለበት ክፍል ውስጥ 5 ጊጋኸርዙን፣ ራቅ ካለ ክፍል 2.4ቱን መጠቀም ይበጃል። ርቀትም የራሱን ይወስዳል፤ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል።

የአገራችን ቤት ለዚህ ሞገድ ምን ይመስለዋል? ባሕር ዛፉ ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ጭቃው በጭድ ቦክቶ የተመረገ ግድግዳ በበጋ ሲደርቅ ሞገዱን በመጠኑ ያሳልፋል። ክረምት መጥቶ ግድግዳው እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚውጠው ይበዛል፤ ውሃ ሞገድ ይውጣልና። በሐምሌ ዋይፋዩ ጓዳ አልደርስ ብሎ በጥር የሚደርስለት ቤት ቢኖር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ከጭቃው ይብሳል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሞገዱን አይውጠውም፤ መልሶ ይወረውረዋል። ከላይ ያለው የጣራ ክዳን ለቤቱ ውስጥ ብዙ አይጎዳም፤ ትልቁ መሰናክል በቆርቆሮ የታጠረው ማድ ቤት፣ የብረት በሩና በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል የቆመው የቆርቆሮ አጥር ነው።

እንግዲህ ራውተሩ የት ይቀመጥ? ፋኖስ ለኩሶ ከማእዘን የሚደብቅ፣ ፊቱንም በድስት የሚጋርድ ሰው የለም። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ መሬት ላይ ሳይሆን ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በቤቱ መካከል፣ ከቴሌቪዥን፣ ከፍሪጅና ከመስታወት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው ገመዱ በገባበት ጥግ ነው፤ ይህ ግን ለገመዱ እንጂ ለቤተሰቡ የተመረጠ ቦታ አይደለም። ጥቂት ሜትር ገመድ ጨምሮ ወደ መካከል ማምጣት አንድ ሳንቲም ለፍጥነት ሳይጨምሩ ጓዳውን ሊያድነው ይችላል። አንቴናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሞገዱ በአብዛኛው ወደ ጎን ይሰራጫል፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያለው ሰው አንዱን አንቴና ቢያጋድመው ላይኛውን ክፍል ይረዳዋል።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያላችሁ ደግሞ ሥሌቱ ይለይባችኋል። አገራችን ተራራና ገደል ነው፤ ከጉና ግርጌ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ድረስ አንዱ መንደር ከሞባይል ማማው ፊት ለፊት ሲሆን ሌላው ከጋራ ኋላ ይጋረዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩና ሲግናሉ የሚጠነክርበትን መስኮት ፈልጉ፤ ራውተሩ እዚያ ይቀመጥ። ከመስኮቱ ወደ ጓዳ ማድረስ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ እሱን በኬብል መፍታት ይቻላል።

መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ራውተሩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ በየሰዓቱ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዘመኑ አልፏል። ዋይፋይ 4 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ዋይፋይ 5 በ2013፣ ዋይፋይ 6 በ2019 የመጡ ናቸው። ለተለመደ ቤት ዋይፋይ 5 ይበቃል፤ ብዙ ስልክና ኮምፒዩተር ባንድ ላይ የሚጠቀም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ዋይፋይ 6 ቢይዝ ይጠቀማል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመስመራችሁን ዓይነት እወቁ። በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል የሚባለው ነው፤ ለእሱ የስልክ ሽቦ የሚሰካበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሞደም ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉት ብዙ ራውተሮች ይህ ቀዳዳ የላቸውም፤ ሰፊው የላን ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ሳያዩ የገዙ ሰዎች ቤት ገብተው የሚሰኩበት ያጣሉ። ፋይበር የገባለት ቤት ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን በአቅራቢው ዘንድ በመለያ ቁጥሯ የተመዘገበች ስለሆነች፣ በሱቅ ዕቃ ልትተኳት አትችሉም። እሷን እንደነበረች ትታችሁ አዲሱን ራውተር በላን ኬብል ከኋላዋ አገናኙ። የፋይበሩን ገመድ አታጣምሙት፤ ውስጡ ብርጭቆ ነውና ጠበብ ያለ እጥፋት ብርሃኑን ያፈስበታል። አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊትም አቅራቢው የሰጣችሁን የመጠቀሚያ ስምና ፓስዎርድ በወረቀት ጻፉ። ያለ እነሱ አዲሱ ራውተር መብራቱን ቢያበራም ኢንተርኔት አያገኝም።

ከውጭ ዘመድ የላከው ራውተር ሲሆን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የኃይል መቀበያው ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለበት ደኅና ነው፤ 120 ብቻ ካለ በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ የሲም ራውተር ከሆነ፣ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆን አስቀድሞ ማጣራት ነው።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን አትጣሉት። በግቢያችን ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ ነው፤ በመካከሉ ቆርቆሮ አለ። ሞገዱን ከቆርቆሮ ጋር ከማታገል ኬብል መዘርጋት ይሻላል። የላን ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ለግቢያችን ይተርፋል። አሮጌውን ራውተር ሰርቪሱ ላይ አድርጉት። ዋናው አድራሻው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 በሉት፤ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የተባለውን አሠራር አጥፉበት፤ ኬብሉን ከላን ቀዳዳ ወደ ላን ቀዳዳ ስኩት። የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ከዋናው ጋር አንድ አድርጉት፤ ስልኩ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ራሱ ይቀይራል። ቻናላቸውን ግን ለዩ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን 1 ላይ፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይረባበሹም። ኬብል መዘርጋት የማይችል ሰው ሪፒተር ይገዛል፤ ይሁን እንጂ ባለ አንድ ሞገድ ሪፒተር የተቀበለውን በዚያው ሞገድ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሪፒተር የሚቀመጠውም ሲግናሉ ገና ሳይሞት፣ በመንገዱ አጋማሽ ነው፤ የሞተበት ክፍል ቢያስቀምጡት የሚያባዛው ነገር የለውም።

ስለ መብራትም ጥቂት ልበል። ብዙው ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራና ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈልግ ዕቃ ነው። አነስተኛ ባለ ባትሪ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል፤ በራውተሩ ጀርባ የተጻፈው ቮልትና አምፒር ከዩፒኤሱ ጋር መስማማቱን ብቻ አረጋግጡ። በክረምት መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ግን የኃይል መሰኪያውንም፣ የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ። ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ የስልክ ሽቦውን ይረሳል፤ መብረቅ ደግሞ በእሱም ይገባል። ከቤት ወደ ሰርቪስ የተዘረጋውም ኬብል መዳብ ነውና አብሮ ይነቀል። የፋይበሩ ብርጭቆ መብረቅ አይሸከምም፤ የሳጥኑ መብራት ገመድ ግን ይሸከማል።

ፓስዎርድን በተመለከተ፣ ከሳጥኑ ጀርባ የታተመውን ሁለቱንም ቀይሩ፤ አንዱ የዋይፋዩ፣ ሌላው ራውተሩን ራሱን የሚከፍተው ነው። ጥበቃውን ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉት። ለእንግዳ የተለየ የእንግዳ መስመር ክፈቱለት፤ እንግዳ ተቀባይነታችንም ይጠበቃል፣ የልጆቻችን ትምህርትና የቴሌብር ሒሳባችንም አይጋለጥም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። አዲስ ቤት የምትሠሩ፣ ግድግዳው ከመመረጉ ወይም ልስኑ ከማለቁ በፊት ለኬብል የሚሆን ቱቦ ከሳሎን እስከ ልጆች ክፍል፣ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቅበሩ፤ በኋላ ግድግዳ ከመሰርሰር ዋጋው እጅግ ያንሳል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ራውተሩን ቢሮ ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡት፤ ተማሪ የሚቀመጥበትን ክፍል ለኩና ኬብል አድርሱለት። የጥገና ሙያ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይህ አንድ ሙሉ የሥራ መስክ ነው፤ መለካት፣ ኬብል መዘርጋት፣ አሮጌ ራውተርን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ተማሩ፤ ጎረቤታችሁንም አስተምሩ። ትልቁን መስመር በመጠየቅ እንትጋ፤ መብታችን ነውና። ከደጅ እስከ ጓዳ ላለው ጥቂት ሜትር ግን የማንንም ደጅ አንጥና፤ እሱን በራሳችን እጅ፣ በዚህ ሳምንት ልናስተካክለው እንችላለን።