ሞተሪኖውን ከመክሰስ በፊት
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለባለመኪናዎች፣ ለሾፌሮችና ለረዳቶች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ቡሬያችን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከል ያለውን ቁልቁለት ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በባሮ ላይ መርከብ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ቡናው በዚሁ በኩል በበቅሎ ይወርድ ነበር። በቅሎ ሞተሪኖ የላትም፤ ተጭና ትነሳለች። የዛሬው ጭነት ግን በመኪና ነው። መኪናው አልነሳም ካለ ቡናው ይውላል፣ ገበያተኛው ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል የሚያደርሳት ይጠፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የሾፌር ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

በ1900 ዓ.ም. ግድም እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያ ዘመን መኪና ሞተር ይነሳ የነበረው ከፊት በሚገባ ብረት በእጅ እየተዞረ ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመልስ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር ለ1912 በተሠራው ሞዴል ነው። ዛሬ ሞተሪኖ የምንለው የዚያ ዘር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ሲዞር ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ አልፎ ሞተሪኖው ላይ ወዳለችው ሶሌኖይድ ይደርሳል። እሷም ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍታ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ታገጣጥማለች፤ ከባትሪ የመጣውን ወፍራም ገመድም ከሞተሪኖው ጋር ታገናኛለች። በዚህ ወፍራም ገመድ ከ100 አምፔር በላይ ያልፋል፤ በናፍጣ መኪና ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ «ራዲዮው ይሠራል፣ ባትሪው ደህና ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። ራዲዮ የሚበቃው አንድ ኩባያ ነው፤ ሞተሪኖ ግን በርሜል ሙሉ ይፈልጋል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። የፊት መብራት ይበራና አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ ሌላው ከጎን ቆሞ መብራቱን ይይ፣ ድምፁንም ይስማ።

1ኛ/ ቀጫ ቀጫ የሚል ፈጣን ድምፅ ካለና መብራቱ ከደከመ፣ ባትሪው ተዳክሟል ወይም የባትሪው ራስ ላልቷል፣ ዝጓል። እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት አገር በራሱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት የሚያወጣ ባትሪ ብዙ ነው። መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን። ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አጥብቁት፤ ሲገጠም ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ከላይ ግራሶ ቀቡት። ቴስተር ያለው ሰው ይለካ፤ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተር ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል።

2ኛ/ መብራቱ ሳይደክም አንዴ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዷ ውስጥ ያለው መገናኛ ተቃጥሏል ወይም የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል። ካርቦን መለወጥ ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

3ኛ/ መብራቱ ደህና ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ጥፋቱ በቀጭኑ መስመር ላይ ነው። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የቁልፍ ቤቱ፣ ሶሌኖይድ ላይ የምትሰካዋ ሽቦ በተራ ይታዩ። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ በዜሮ ሞክሩት።

4ኛ/ ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ፣ ትንሿ ጥርስ አልገጠመችም ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል። ይህ የግድ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

5ኛ/ መብራቱ ጭልም ብሎ ሞተሩ ንቅንቅ ካላለና ባትሪውም ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በተለይ መኪናው ጥልቅ ውሃ ተሻግሮ ከጠፋ ደጋግሞ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅምና ብረት ያጣምማል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ልጨምር፤ ይኸውም ማሳው ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻሲው የሚሄደው ገመድ ከዛገ፣ አዲስ ባትሪም አዲስ ሞተሪኖም አይፈይድም። ሞተር ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ገመዱ ይጽዳ።

አሁን ወደ አደጋው ልለፍ። ሶሌኖይድን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት በሰፊው የተለመደ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ዘሎ ይሄዳል፤ ከፊት ወይም ከሥር ያለውን ሰው ይጨፈልቃል። ይህን ማንም በብቻው አይሞክር። ባትሪ በሚከፈትበት ቦታ ሲጋራና እሳት አይቅረብ፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ስንዋስ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የኔጌቲቩ ገመድ አንዱ ጫፍ በሰጪው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በመጨረሻ ከባትሪው ራቅ ብሎ በተበላሸው መኪና ሞተር ብረት ላይ ይታሰራል።

ግፊትን በተመለከተ፦ ባለ አውቶማቲክ ማርሽ መኪና በግፊት አይነሳም። የሌላውም ቢሆን ሞተሩ ካልተነሳ ፍሬኑ ይከብዳል። ስለዚህ በዳገታችን ላይ ሕፃናትን ለግፊት መጥራት ይቅር። ለመንደርደር ተብሎ ቁልቁለት ላይ የሚቆም መኪናም ጎማው በድንጋይ ይታገድ፤ ድንጋዩን ለማንሳት ማንም ከፊቱ አይቁም። ቁልፍ ሲያዝ ከ10 ሴኮንድ አይለፍ፤ ሞተሪኖው አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፤ አለዚያ ይቃጠላል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን ከመዋጮው አንድ ጥንድ ወፍራም የባትሪ ገመድና አንድ ቴስተር ገዝቶ ሌሊትም በሚገኝበት ቤት ቢያስቀምጥ፣ ወጪው ከአንድ ሞተሪኖ ዋጋ አይደርስም። ሌሊት በር የሚንኳኳበት ምክንያት ምጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሳኔው እስከሚቀጥለው ስብሰባ ባይቆይ መልካም ነው።