ከእንዝርት እስከ ስድብ
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በማኅበራችን የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ «ስፒንስተር» የሚል ቃል አገኘን። መዝገበ ቃላቱ ሳታገባ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ይላታል። በእኛ አገር «ቆማ ቀረች» እንደሚባለው ነው። የቃሉን ሥር ስንከተል ግን እንዝርት ላይ ደረስን።

«ስፒን» መፍተል ነው። «ስተር» የሚለው ቅጥያ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሥራውን የምትሠራውን ሴት ያመለክት ነበር። ስለዚህ ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲጻፍ ትርጉሙ «ፈታይ» ነበር። ዘመዶችም አሉት፤ ዌብስተር ሸማኔ፣ ብሩስተር ቢራ ጠማቂ፣ ባክስተር ዳቦ ጋጋሪ ማለት ነበሩ። ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆነዋል።

በእንግሊዝ አገር ብዙ ሴቶች በፈትል ይተዳደሩ ስለነበር ሙያው በሰነድ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ ይጻፍ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ቃል ያላገባች ሴት ሕጋዊ መጠሪያ ሆነ፤ ኋላም መናቂያ። በ1760ዎቹ ጀምስ ሃርግሪቭስ ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈትል መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ የእጅ ፈትልን ከገበያ አስወጣው። ሙያው ሄደ፣ ንቀቱ ቀረ። ያላገባው ወንድ መጠሪያ «ባችለር» ግን ያን ያህል ንቀት አልተሸከመም። በእንግሊዝና በዌልስ «ስፒንስተር» ከጋብቻ መዝገብ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በመካከላችን ጥጥ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ አመልማሎ ጠቅልለው፣ ፈትላቸውን ለሸማኔ እየሸጡ ልጆች ያስተማሩ እናቶች አሉ። ቅጽ ሲሞላላቸው ግን ስለ ትዳራቸው በዝርዝር ይጠየቃሉ፤ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የላትም» ይጻፍባቸዋል። ሥራ የላትም የተባለች ሴት ደግሞ ብድር ስትጠይቅ «በምን ትከፍያለሽ?» ትባላለች።

ስለዚህ በአባልነት ደብተራችን ላይ ከስም ቀጥሎ ሙያ እንዲጻፍ ወስነናል፤ ፈታይ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠላ ጠማቂ፣ ስፌት ሰፊ። እህቶች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መጻፍ ለማይችሉት እኛ እንጽፍላቸዋለን። ደጋፊዎቻችንም በምትልኩልን ቅጾች ላይ ለዚህ ሙያ ቦታ እንድትተዉለት በአክብሮት እንጠይቃለን።