ዋሻ ውስጥ የቀረው ንጉሥ



ስለ አንድ የሱመር ንጉሥ ላጫውታችሁ። በጥንቱ የሱመር ነገሥታት ዝርዝር ላይ ሉጋልባንዳ የሚባል እረኛ 1,200 ዓመት ገዛ ተብሎ ተጽፏል። ስለ እሱ ዝርዝሩ የሚለው ይህችኑ ነው። ከመንገሡ በፊት የሆነውን የሚነግረን ግጥሙ ነው።

የኡሩክ ንጉሥ ኤንመርካር ጦሩን ይዞ ወደ አራታ ሲዘምት፣ ወጣቱ ሉጋልባንዳ ተራራ ላይ ታመመ። ጓዶቹ ዋሻ ውስጥ አስተኙት፤ ምግብና መጠጥ አጠገቡ አስቀመጡለት፤ ከሞተ ስንመለስ አስከሬኑን እንወስዳለን ብለው ሄዱ። እሱ ግን ዳነ። አንዙ የተባለውን ግዙፍ ወፍ ጫጩት ስለመገበ፣ ወፉ ስጦታ ምረጥ ቢለው ሀብቱን ትቶ የእግር ፍጥነት ለመነ። በኋላ ጦሩ አራታን ከቦ ሲቸገር፣ መልእክት ይዞ ብቻውን ወደ ኡሩክ የገሠገሠው ያው ትተውት የሄዱት ልጅ ነበር።

እኔም ሦስተኛ ዓመት ላይ ታምሜ ዊዝድሮው ስሞላ፣ በእጃችሁ የገለበጣችሁትን ኖት አስታቅፋችሁ ሸኛችሁኝ። በዓመቱ ተመልሼ የጨረስኩት በእሱ ነው። ያኔ አብሮኝ ያቋረጠው የዶርሜ ልጅ ግን አልተመለሰም። የማኅበራችን መዝገብ የምረቃ ዓመት ስለሚጠይቅ ስሙ እዚያ የለም።

እባካችሁ፣ ለእንደሱ ያሉትም በመዝገቡ አንድ ገጽ እንክፈት። የት እንዳሉ የምታውቁ ዛሬውኑ ንገሩን። የሉጋልባንዳ ጓዶች እኮ ቢያንስ ስንመለስ ብለው ነበር።