ከአርባ ዓመት በኋላም ጥሩምባ መማር ይቻላል
(በመረዳጃ ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረጉት ንግግር)



ከገንዘብ ያዡ ሪፖርት በፊት ስለ አንድ ጉዳይ በአጭሩ እንድናገር ኮሚቴው ፈቅዶልኛል። ጉዳዩ ጥሩምባ ነው።

እንደምታውቁት ጥሩምባ ነፊያችን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ባለፈው ክረምት ታመው በተኙበት ሳምንት ሁለት ቀብር ነበረብን። በስልክ መልእክት ላክን፣ ደወልን። ይሁን እንጂ ስልክ የሌላቸው፣ ቢኖራቸውም ማታ ዘግተው የሚተኙ ብዙ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉ አንዲት እናት የቡና ጓደኛቸው መቀበሯን የሰሙት በሠልስቱ ነው። «ጥሩምባ ሳልሰማ ምን ብዬ ልውጣ?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

በዚያው ሳምንት ወጣቶቻችን ጥሩምባውን አንስተው ሞክረው ነበር። ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸው እስኪፈጥ ታገሉ፤ የወጣው ግን ነፋስ ብቻ ነው። ጉልበት አንሷቸው አይደለም። ጥሩምባ የሚጮኸው በከንፈር መንቀጥቀጥ ነው። ከንፈር ገጥሞ እንደ ንብ «ብዝዝ» ሲል በቱቦው ውስጥ ያለው አየር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የሚሆነው ያ ነው። ለትራምፔትም፣ ለትሮምቦንም፣ ለቱባም ነገሩ አንድ ነው።

ልዩነታቸው የቱቦው ነው። የዕድር ጥሩምባ ቁልፍ ስለሌለው ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት የሚገኙትን ጥቂት ድምፆች ብቻ ይሰጣል። ትራምፔት ሦስት የሚጫኑ ቁልፎች አሉት፤ ቁልፉ ሲጫን አየሩ በረዘመ ቱቦ ይዞራል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ትሮምቦን ደግሞ ቱቦውን ራሱን እየሳቡ ማስረዘም ነው።

ሙያው በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጅ አልባ የሆኑ አርባ የአርመን ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው፤ የሙዚቃ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረውታል። በሰፈራችንም በማርሽ ባንድ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት አሉን።

እኔም ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምማረው ከእሳቸው ነው። ዕድሜዬን ታውቃላችሁ፣ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ኖታ የሚባል ዓይቼ አላውቅም ነበር። «ካረጁ አይበጁ» ያላችሁኝ አላችሁ። ልጅ ቶሎ ይይዛል፣ እውነት ነው። ትልቅ ሰው ግን የነገሩትን ይሰማል፣ ለምን እንደሚማርም ያውቃል።

ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከንፈር ብቻ ማንዘር ነው። ቀጥሎ የአፍ መግጠሚያውን ብቻ ይዞ መንፋት፤ መሣሪያው የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ትንፋሽ ከታች ከሆድ ይሳባል፣ ትከሻ አይነሣም፣ ጉንጭ አይነፋም። መሣሪያውን ከንፈር ላይ መጫን ክልክል ነው፤ ከንፈሩ ደም እንዳይዞርበት ያደርጋል። በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የነፉበትን ያህል ማረፍ ያስፈልጋል፤ ከንፈር ሲዝል ማቆም ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመታገል በየቀኑ ጥቂት መንፋት ይሻላል።

የጤናም ጉዳይ አለ። የደም ብዛት፣ ቡአ ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣት በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። የፊት ጥርሱ የሚነቃነቅበትም ጥርሱን ያሳይ። የአፍ መግጠሚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ሳይታጠብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍ። ቁልፉም የራሱ ዘይት አለው፤ የወጥ ዘይት እንዳይነካው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የዕድሩ ጥሩምባ ለልምምድ አይነፋም። ከተነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ይወጣል፣ የታመመም ይደነግጣል። ስለዚህ ልምምዱ በትራምፔት ይሁን፤ ከንፈሩ ከተገራ ጥሩምባው አያስቸግርም።

በመሆኑም ኮሚቴው ሦስት ፈቃደኞች ይፈልጋል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜው አርባም ይሁን ሃምሳ፣ ግድ የለም። ጡረተኛው አባታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ በነፃ ሊያስተምሩ ቃል ገብተዋል። ከአዳራሹ አጠገብ የምትኖሩ ጎረቤቶች፣ ለዚያች አንድ ሰዓት ታገሡን። መጀመሪያ ላይ እንደ ጥጃ እንጮኻለን፤ ይሻሻላል።

ጥሩምባ ነፊያችን ድነው ተነሥተዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ንጋት ላይ በዝናብና በጭቃ ሰፈሩን ሁሉ ብቻቸውን መዞር አይገባቸውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሦስት ሰው ቢማርላቸው ተራ ይገባላቸዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት እናትም ወዳጃቸውን ሳይሸኙ አይቀሩም።

ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ እኔ ዘንድ አስመዝግቡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ