ለዓይን የማይታይ ሕመም



ዛሬ የምናገረው ፋይብሮማያልጂያ ስለሚባለው ሕመም ነው። ይህ ሕመም ያደረበት ሰው ለብዙ ወራት መላ ሰውነቱን ያመዋል፤ ሌሊቱን ተኝቶ ቢያድርም ደክሞት ይነሣል፤ ሐሳቡን መሰብሰብም ያቅተዋል። ይሁን እንጂ ራጅ ቢነሣ አጥንቱ ደኅና ነው፤ በተለመደው የደም ምርመራም ጉድለት አይገኝበትም። ስለዚህ ጎረቤቱ «ሰነፍ ነው፤ ያስመስላል» ይለዋል። በዚህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ስለሚበዙ፣ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በእናቶች ላይ ነው።

ነገር ግን ሕመሙ እውነተኛ ነው። የአሜሪካ የሩማቲዝም ሐኪሞች ማኅበር በ1990 እ.ኤ.አ. የመለያ ደንብ አወጣለት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድካምንና እረፍት የማይሰጥ እንቅልፍን ጨመረበት። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሕመምተኛው አንጎልና ነርቭ የሕመምን መልእክት አጉልተው ይቀበላሉ።

ተመራማሪዎች የሚከታተሉት ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ይባላል። በሕዋሳታችን ውስጥ ያሉት ማይቶኮንድሪያ ምግብን በኦክሲጂን አማካይነት ወደ ኃይል ሲለውጡ፣ ከምድጃ እንደሚወጣ የእሳት ፍንጣሪ ያሉ ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ጤነኛ ሰውነት እነዚህን የሚያበርድ መከላከያ አለው። ፍንጣሪው በዝቶ መከላከያው ሲያንስ ግን የሕዋሱ ስብና ፕሮቲን ይጎዳል። በልዩ ልዩ ጥናቶች የሕመምተኞች ደም በረቀቀ መሣሪያ ሲመረመር፣ የዚህ ጉዳት ምልክት ከጤነኞቹ ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል።

ይሁንና ጉዳቱ ሕመሙን ያምጣው ወይስ ሕመሙ ጉዳቱን፣ ገና አልተረጋገጠም፤ እንቅልፍ ማጣትና ያለ እንቅስቃሴ መኖርም ፍንጣሪውን ያበዛሉና። ስለዚህ «ይህ የቪታሚን እንክብል ያድንሃል» የሚለውን ነጋዴ ሁሉ ማመን አይገባም። የአውሮፓ ሐኪሞች በ2017 እ.ኤ.አ. አጥብቀው የመከሩት የሰውነት እንቅስቃሴን ነው። እንቅስቃሴ ለጊዜው ፍንጣሪውን ቢጨምርም፣ ቀስ በቀስና ሳያቋርጡ ሲያዘወትሩት የሰውነትን መከላከያ ያጠነክራል።

የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት መጥተው ሳለ፣ መከራውን በእርሱ ጥፋት አመካኙ። እኛ ግን እንደ እነርሱ አንሁን። በቤታችን «አመመኝ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቁስሉን ባናይም እንመነው፤ ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ሥራውን እናግዘው፤ ለመራመድ ሲነሣም አብረነው እንራመድ።